በፈርሎ ጊዜ ሁለተኛ ሥራ፣ አንኤምፕሎይመንት ወይስ መጠበቅ? በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ የፌዴራልና የኮንትራክተር ሠራተኞች የንጽጽር መመሪያ

ኦክቶበር 1 ቀን 2025 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተውም ከ43 ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 12 ማታ ሕጉ ሲፈረም ነበር። ከዚያ በፊት ረጅሙ የነበረው ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 የዘለቀው የ35 ቀን መዘጋት ነው። እኔ በሁለቱም ጊዜ ፈርሎ የወጣሁ፣ ማለትም በጀት ስላልጸደቀ ደመወዜ ተቋርጦ ቤት የተቀመጥሁ የፌዴራል ሠራተኛ ነኝ። በሁለቱም ጊዜ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ ከሚኖሩ ወገኖች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ በስልክ፣ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዝም ብዬ ልጠብቅ፣ አንኤምፕሎይመንት ልጠይቅ ወይስ የሆነ ሥራ ልያዝ?» አንኤምፕሎይመንት የምንለው ሥራ ያጣ ሰው ከግዛቱ በየሳምንቱ የሚያገኘውን ክፍያ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የተሻለ የሚከፍለውን ያዝ» የሚል ነው። ነገር ግን ከክፍያው መጠን በፊት መታየት ያለበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በፈርሎ ላይ የቆዩበት ጊዜ ደመወዝ በኋላ በሕግ ይከፈልዎታል ወይስ አይከፈልዎትም የሚለው ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ለአንዱ የሚበጀው ምርጫ አጠገቡ ለሚሠራው ባልደረባው የማይበጅ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ አሳንሰር ይወጣሉ፣ አንድ ኩሽና ውስጥ ቡና ያፈላሉ፤ የሚለያቸው በመታወቂያ ካርዳቸው ላይ ያለው ቀለም ነው፣ በኮንትራክተሩ፣ ማለትም ለመንግሥት በውል በሚሠራ ድርጅት በተቀጠረው ሰው፣ ካርድ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ሁለቱም እኩል ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ ሲከፈት ግን ለአንዱ የቀረበት ደመወዝ በሙሉ ይገባለታል፣ ለሌላው ምንም አይገባለትም።

የፌዴራል ሠራተኛ ከሆኑ

በጃንዋሪ 2019 የወጣው ሕግ፣ በበጀት መቋረጥ ምክንያት ፈርሎ የወጣም ሆነ ያለ ደመወዝ እንዲሠራ የታዘዘ የፌዴራል ሠራተኛ፣ መንግሥት ሲከፈት ውዝፍ ደመወዙን እንዲያገኝ ይደነግጋል። በኦክቶበር 2025 ይህ ሕግ ፈርሎ የወጡትን በራሱ አይሸፍንም የሚል ክርክር ከዋይት ሃውስ በኩል ተነሥቶ ብዙ ቤተሰብ አስጨንቆ ነበር፤ በኖቬምበር 12 የተፈረመው ሕግ ግን ውዝፉ እንዲከፈል በግልጽ አዘዘ፣ ተከፈለም። ስለዚህ የፌዴራል ሠራተኛ በፈርሎ ጊዜ የሚገጥመው ችግር ብዙውን ጊዜ የገንዘብ መዘግየት ነው። ይህን መጨበጥ የሚቀጥለውን ውሳኔ ሁሉ ይለውጠዋል።

አንኤምፕሎይመንትን እንውሰድ። ፈርሎ ሲወጡ መሥሪያ ቤትዎ ኤስ ኤፍ 8 የሚባል ወረቀት ይሰጥዎታል፤ እርሱን ይዘው የሚያመለክቱት በሚኖሩበት ሳይሆን ይፋዊ የሥራ ቦታዎ በሚገኝበት ግዛት ነው። አሌክሳንድሪያ እየኖሩ ቢሮዎ ዲሲ ከሆነ ማመልከቻዎን የሚቀበለው ዲሲ ነው። በ2025 በሳምንት የሚከፈለው ከፍተኛ መጠን በዲሲ 444 ዶላር፣ በሜሪላንድ 430 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ የቤት ኪራይን ባይሸፍን እንኳ የምግብና የመብራት ወጪን ይደግፋል፤ ግን ውዝፍ ደመወዙ በገባ ጊዜ ለእነዚያው ሳምንታት የተከፈለዎትን አንኤምፕሎይመንት መመለስ ግዴታ ነው። በሌላ አነጋገር ለፌዴራል ሠራተኛ አንኤምፕሎይመንት ወለድ የሌለው ብድር ነው። እንደ ብድር ካዩት ጥሩ ብድር ነው፤ እንደ ገቢ ቆጥረው ካወጡት ግን ግዛቱ «ያለ አግባብ የተከፈለ» ብሎ ደብዳቤ በሚልክበት ቀን ይከብዳል። ያለ ደመወዝ ግቡ የተባሉት፣ ለምሳሌ በኤርፖርት ፍተሻ ላይ ያሉት፣ ሙሉ ሰዓት እየሠሩ ስለሆነ በአብዛኛው ይህንንም አያገኙም።

ሁለተኛ ሥራ በዚህ በኩል የተለየ ነው። በፈርሎው ጊዜ በሌላ ቦታ ሠርተው ያገኙት ገንዘብ ከውዝፍ ደመወዝዎ ላይ አይቀነስም፤ መንግሥት ሲከፈት ሁለቱም የእርስዎ ናቸው። ስለዚህ የፌዴራል ሠራተኛ ከሆኑና አቅሙ ካለዎት፣ የእኔ ፍርድ ሁለተኛ ሥራ ከአንኤምፕሎይመንት ይሻላል የሚል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ሳምንት የሠሩበትን ገቢ፣ ታክስ ሳይቀነስለት፣ ገንዘቡ እጅዎ በገባበት ሳይሆን ሥራውን በሠሩበት ሳምንት ላይ ማስታወቅ ይኖርብዎታል። የጤና ኢንሹራንስዎ በፈርሎ ጊዜ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል፣ የእርስዎ ድርሻም ሲመለሱ ከደመወዝዎ ስለሚቆረጥ፣ ኢንሹራንስ ፍለጋ ብሎ ሙሉ ሰዓት ሥራ መግባት አያስፈልግም።

ኮንትራክተር ከሆኑ

እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። ለኮንትራክተር ሠራተኞች ውዝፍ የሚያስከፍል ሕግ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቢቀርብም አልጸደቀም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ያጡት የ43 ቀን ደመወዝ የጠፋ ደመወዝ ነው። በሌላ በኩል የሚያገኙት አንኤምፕሎይመንት የራሳቸው ነው፤ የሚመለስ ነገር የለውም። ስለዚህ ኮንትራክተር የሆነ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ማመልከት አለበት፤ «ነገ ይከፈታል» እያለ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚያሳልፍ ሰው የማይመለስ ገንዘብ ያጣል። ብዙ ወገኖቼ ማመልከቱን እንደ ልመና ቆጥረው ሲያፍሩ አይቻለሁ፤ ይህ ግን አሠሪው በሠራተኞቹ ስም ታክስ የከፈለበት ኢንሹራንስ ነው።

ኮንትራክተሩ ሁለተኛ ሥራ ሲያስብ ደግሞ ሒሳቡ ጠባብ ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያገኘው ገቢ ከአንኤምፕሎይመንቱ ላይ ይቀነሳል። በሳምንት ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓታት የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ከጠበቀው በታች ሊሆን ይችላል፣ ድካሙ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ለኮንትራክተር የሚያዋጣው አንድም አንኤምፕሎይመንቱን ይዞ ዋናውን ሥራ መጠበቅና በዚያው ቋሚ ሥራ መፈለግ፣ አለዚያም ከአንኤምፕሎይመንቱ በግልጽ የሚበልጥ ደህና ሥራ መያዝ ነው፤ መካከለኛው መንገድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ከዚህ ጋር ድርጅትዎን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የዓመት ፈቃድዎን እንዲጠቀሙ ይገደዱ እንደሆነ፣ ምክንያቱም የተከፈለ ፈቃድ አንኤምፕሎይመንትን ሊያዘገይ ይችላል፣ እንዲሁም የጤና ኢንሹራንስዎ እስከ መቼ እንደሚቀጥል።

የቅጥር ውልዎንም ያንብቡ። «በሌላ ቦታ መሥራት የተከለከለ ነው» የሚል አንቀጽ ያለባቸው ውሎች አሉ። አብዛኛውን ሥራቸውን ዲሲ ውስጥ ለሚሠሩ፣ ከፍተኛ ደመወዝ ለማያገኙ ሠራተኞች፣ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ የሚሠራው የዲሲ ሕግ አሠሪው ተጨማሪ ሥራን በጅምላ እንዳይከለክል ያግደዋል፤ የጥቅም ግጭትና የድርጅት ምስጢር ግን ለአሠሪው የተተዉ ምክንያቶች ናቸው። በኤች-1ቢ ቪዛ የሚሠሩ ወገኖች ከሁሉ በላይ ይጠንቀቁ፤ ቪዛው የሚፈቅደው ለስፖንሰሩ አሠሪ መሥራትን ብቻ ነው። ለእነርሱ ለአንድ ቅዳሜ ኡበር መንዳት እንኳ የመኖሪያ ፈቃድን የሚያበላሽ ጥፋት ነው፣ ስለዚህ ምርጫቸው ቁጠባና የቤተሰብ ድጋፍ ነው።

ፈርሎ ላይ ያለ ሰው አሁንም የመንግሥት ሠራተኛ ነው

ብዙ የፌዴራል ሠራተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ ልጻፍበት። ደመወዝ ተቋርጧል ማለት የሥነ ምግባር ደንቡ ተቋርጧል ማለት አይደለም። የፌዴራል ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ ከመሥሪያ ቤታቸው ተግባር ጋር የሚጋጭ የውጭ ሥራን ይከለክላል፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ማንኛውንም የውጭ ሥራ ከመጀመር በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ዋይት ኦክ ያለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ወይም ቤተስዳ ያለው የጤና ምርምር ተቋም የሚሠራ ሰው፣ ለመድኃኒት ኩባንያ የሚሠራ ነገር ከመቀበሉ በፊት ደጋግሞ መጠየቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱ በሚዘጋበት ጊዜ የሥነ ምግባር ቢሮው ውስጥ የሚቀሩት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ መልሱ ይዘገያል፤ በመሆኑም የመዘጋት ወሬ ሲሰማ፣ ገና በሥራ ላይ እያሉ፣ «ቢዘጋ ይህንን ሥራ ልሠራ አስባለሁ» ብሎ በኢሜይል ማስፈቀድ ትልቅ ዕረፍት ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሦስት ሥራዎች በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፣ ሦስቱም እንደ ወገን እርዳታ ስለሚታዩ። የመጀመሪያው የኢሚግሬሽን ፎርም ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸውን እናቶች ወረቀት ማስተርጎም አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ በእነርሱ ስም ፌዴራል መሥሪያ ቤት ዘንድ መቅረብ፣ መጻጻፍ፣ መከራከር ግን ለፌዴራል ሠራተኛ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው የታክስ ሥራ ነው፤ ደንበኛን ወክሎ ከገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር በዚያው ክልከላ ውስጥ ይወድቃል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፦ ለኤምባሲ መተርጎም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ባለሥልጣናትና ሠራተኞች ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ከውጭ መንግሥት ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ሰነድ ተርጉሞ 200 ዶላር መቀበል ቀላል ነገር ይመስላል፤ በተለይ የደኅንነት ማረጋገጫ፣ ክሊራንስ የምንለው፣ ላለው ሰው ግን የሙያውን ዕድሜ የሚያሳጥር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የውጭ መንግሥት ንብረት የሆነ ድርጅትም፣ አየር መንገድ ቢሆን እንኳ፣ ያንኑ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግቡበት።

ከዚህ ጎን የሚነሣ ሌላ ጉዳይ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሥራ ነው። የዘመድ ምግብ ቤት ወይም ነዳጅ ማደያ ገብቶ ማታ ማታ ማገዝና በእጅ መቀበል የተለመደ ነው፣ የሚያግዙትም ከልብ ነው። ሆኖም አንኤምፕሎይመንት እየተቀበሉ ያልታወቀ ገቢ ማግኘት ማጭበርበር ተብሎ ይመዘገባል፣ ክሊራንስ ሲታደስም የገንዘብ ታማኝነት ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ ነው። ዘመድዎ በደመወዝ መዝገብ ላይ ያስገባዎት፤ ሁለታችሁንም ይጠብቃል።

የትኛው ዓይነት ሥራ?

ፈርሎ መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም፤ በ2025 ሕጉ ኖቬምበር 12 ማታ ተፈርሞ ሠራተኛው በማግሥቱ እንዲገባ ተጠርቷል። ስለዚህ ሁለተኛ ሥራ ሲመረጥ ቶሎ መጀመሩና በአንድ ቀን ማስታወቂያ መቆም መቻሉ ከሰዓት ክፍያው ይቀድማሉ።

በዚህ መለኪያ ኡበርና ሊፍት የሚወዳደራቸው የለም፤ መተግበሪያውን ሲዘጉት ሥራው አበቃ። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አዲስ ሰው የጀርባ ምርመራና የመኪና ምርመራ እስኪያልፍ ቀናት ይወስዳል፤ የግል መኪና ኢንሹራንስ ደግሞ በአብዛኛው ተሳፋሪ ሲጭኑ የደረሰን አደጋ ስለማይሸፍን፣ ለራይድሼር የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ከኢንሹራንስዎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቢሮዎች ሲዘጉም የጧት ተሳፋሪ ይቀንሳል፣ ሹፌሩ ግን ይበዛል፤ በጃንዋሪ 2019 ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዲሲ መሀል ሁልጊዜ የሚበዛው የጧት ጥሪ ሳስቶ አይቼዋለሁ፣ የተሻለው ሥራ ወደ ኤርፖርትና በምሽት ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሒሳብ አያያዝ ነው። ሹፌር እንደ ተቀጣሪ አይቆጠርም፤ በ1099 ፎርም የሚከፈለው የራሱ ሥራ ባለቤት ነው፣ ታክስ ማንም አይቆርጥለትም። በአንድ ሳምንት 1000 ዶላር አግኝተው 700 ማይል ነዱ እንበል። በ2025 ለአንድ ማይል የተፈቀደው ተቀናሽ 70 ሳንቲም ስለነበር 490 ዶላር ይቀነስልዎታል፤ በቀሪው 510 ዶላር ላይ ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ 72 ዶላር ያህል የራስ ሥራ ታክስ ይኖርብዎታል። ማይሉን ካልመዘገቡ ግን ያ ሁሉ ታክስ በሙሉው 1000 ላይ ይሰላል። እኔ የ2019ን ታክስ በማግሥቱ ዓመት ስሠራ ያልመዘገብኩት ማይል ብዙ መቶ ዶላር እንዳስከፈለኝ አይቼ አዘንሁ። በ2025 ከመኪናው ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አኑሬ፣ መተግበሪያውን ስከፍትና ስዘጋ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጻፍሁ፤ ባዶ መኪና ይዘው ተሳፋሪ ለመውሰድ የሚሄዱበት መንገድም ይቆጠራል።

በሰዓት የሚከፈል ቅጥር፣ ሱፐርማርኬት፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ መጋዘን፣ በክፍያ ረገድ ግልጽ ነው። በጁላይ 2025 የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17.95 ዶላር ሆኖ ነበር፤ የሜሪላንድ ግዛት 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከዚያ ከፍ ያለ የራሱ መጠን አለው። መኪናዎ አያረጅም፣ ታክሱ ይቆረጥልዎታል፣ በሥራ ላይ ቢጎዱ የካሣ ኢንሹራንስ አለ። የሚከብደው መውጣቱ ነው፤ ሥልጠና ሰጥቶ ፈረቃ ያወጣልዎትን አለቃ በማግሥቱ ጥሎ መሄድ ደግ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን መናገር ይሻላል፤ በኖቬምበር ሰሞን ለበዓል ሰው የሚፈልጉ ሱቆች ይህን አውቀው ይቀጥራሉ። አሠሪው ስንት ታክስ እንደሚቆርጥ የሚያሳየውን ደብልዩ-4 ፎርም ሲሞሉ ከአንድ በላይ ሥራ ያለው የሚለውን ክፍል አይዝለሉ። ሁለተኛው አሠሪ ሌላ ገቢ እንደሌለዎት ቆጥሮ ጥቂት ታክስ ይቆርጣል፤ ውዝፉ በዚያው ዓመት በአንድ ጊዜ ሲገባ ግን የሁለቱ ድምር ከፍ ስለሚል ኤፕሪል ላይ ዕዳ ይወጣብዎታል።

በስልክና በቪዲዮ ማስተርጎም ለእኛ የሚመች ሥራ ነው። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሆስፒታሎችም አስተርጓሚ ዘወትር ይፈልጋሉ። ነገር ግን የቋንቋ ፈተናው፣ ሥልጠናውና ምዝገባው ሳምንታት ይፈጃል። ፈርሎው በጀመረ ቀን የተመዘገበ ሰው ሥራ ሳይጀምር መንግሥት ሊከፈት ይችላል። ይህን የሚመርጥ ሰው ሁሉም ነገር ሰላም በሆነበት ወቅት፣ የሥነ ምግባር ቢሮውን አስፈቅዶ፣ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በኮንትራት የሚያስተረጉም ድርጅት ከሆነም ያንን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መጠበቅም ምርጫ ነው

ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁለተኛ ሥራ ሲይዝ ለልጅ ጠባቂ የሚከፍለው ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለ የፌዴራል ሠራተኛ፣ ውዝፉ እንደሚመጣ ካወቀ፣ መጠበቁ ስንፍና አይደለም። አንዳንድ ክሬዲት ዩኒየኖች (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበራት) በደመወዝ ልክ ወለድ የሌለው ብድር ይሰጣሉ፤ የቤት ብድርና የመኪና ዕዳ ያለበት አበዳሪውን ክፍያው ሳያልፍ መጥራት አለበት፣ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ስልክ የሚያስገኘው ጥቂት ነው። ዕቁብ ያለው ሰው ደግሞ ሰብሳቢውን ያናግር። በ2025ቱ መዘጋት እኔ በምገባበት ዕቁብ ዕጣው የደረሳት አንዲት እኅት ተራዋን ፈርሎ ለወጣ አባል ሰጥታ የእርሱን ተራ ወሰደች፤ በኪራዩ ቀን ገንዘቡ እጁ ገባ፣ መንግሥት ሲከፈት መዋጮውን ሳያቋርጥ ቀጠለ። ይህ ለፌዴራል ሠራተኛ የሚመች ነው። ለኮንትራክተር ግን ከባድ ይሆናል፣ የወሰደውን ለመተካት የሚመጣ ውዝፍ የለውምና፤ እርሱ ዕቁብ ቀድሞ ከማውጣቱ በፊት አንኤምፕሎይመንቱ መጽደቁን ያረጋግጥ።

ሲከፈት የሚሠራ ሥራም አለ። የሁለተኛውን ሥራ የመጨረሻ የክፍያ ደረሰኝ ይያዙ፣ ለአንኤምፕሎይመንት ወደ ሥራ የተመለሱበትን ቀን በዚያው ሳምንት ያስታውቁ፣ የፌዴራል ሠራተኛ ከሆኑም ውዝፉ ሲገባ የሚመለሰውን ገንዘብ ደብዳቤው ሳይመጣ ለይተው ያስቀምጡት። ሁለተኛውን ሥራ በምሽት ወይም ቅዳሜና እሑድ ለመቀጠል ከፈለጉ፣ በፈርሎ ጊዜ የተሰጠዎት ፈቃድ ለመደበኛው ጊዜ ላይሠራ ስለሚችል ለሥነ ምግባር ቢሮው እንደገና ይጻፉ፤ ቢሮው ያን ሳምንት በተጠራቀመ ደብዳቤ ስለሚጨናነቅ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ፈረቃዎን ያቁሙ።